ግሮቭ ፓርክ ኢን፦ የድንጋዩ ሆቴልና የዕቃ ወዳጆች ጉባኤ

በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ብሉ ሪጅ በሚባሉት ተራሮች መካከል የምትገኘውን የአሽቪልን ከተማ የጐበኘ ሰው፣ ሰንሴት በተባለው ተራራ ጎን ላይ የቆመውን እንግዳ ግንብ ሳያይ አይመለስም። ግንቡ ከሩቅ ሲታይ የሰው እጅ የካበው አይመስልም፤ ከተራራው የተንከባለለ ናዳ እመንገድ ላይ ተይዞ የቆመ ይመስላል። ድንጋዮቹ አልተጠረቡም። ቀይ የሸክላ ጣራው ጠርዙ ላይ እየጐበጠ ስለሚወርድ የሣር ክዳን ያስታውሳል። ይህ ግሮቭ ፓርክ ኢን የተባለው ሆቴል ነው። ከ1988 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፌብሩዋሪ ወር፣ ተራራው በብርድ በሚያዝበት ጊዜ፣ የጥንት የቤት ዕቃ፣ የመዳብ ሥራና የሸክላ ሥራ ሰብሳቢዎች ከየአገሩ እየመጡ ለሦስት ቀን የሚመክሩበት ስፍራ ሆኗል።

ጉባኤ የሚያስተናግድ ሆቴል በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ለአብዛኞቹ አዳራሹ ኪራይ ነው፣ ተሰብሳቢውም ከሄደ በኋላ አይታወስም። የግሮቭ ፓርክ ኢን ነገር የሚለየው ሰብሳቢዎቹ ሊያዩት የሚመጡት ዕቃ ገሚሱ ሆቴሉ ራሱ በመሆኑ ነው። የሚቀመጡበት ወንበር፣ የሚበራላቸው መብራት፣ የሚሞቁት ምድጃ የውይይታቸው ርእስ ነው። ነገር ግን ይኸው ሆቴል በአንድ ወቅት እነዚህን ዕቃዎች ያረጁና ያፈጁ ብሎ ከፊት አሽቀንጥሯቸው ነበር። እንዴት እንደ ተጣሉ፣ እንዴትስ እንደ ተመለሱ መከታተል ለሆቴል ሙያም ሆነ ለቅርስ ጥበቃ ትምህርት ያለው ነገር ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ኤድዊን ዊሊ ግሮቭ በ1850 በቴነሲ ግዛት ተወለደ። ሙያው መድኃኒት ቀማሚነት ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ደቡብ በወባ የሚሠቃይ አገር ስለ ነበረ፣ ለንዳድ የሚሰጠው ኪኒን (ዛሬ በአማርኛ ለእንክብል መድኃኒት ሁሉ መጠሪያ የሆነው ያው ቃል ነው) በየቤቱ ይፈለግ ነበር፤ ነገር ግን መራራነቱ ሕፃናትን ቀርቶ አዋቂዎችንም ያስመርር ነበር። ግሮቭ ኪኒኑን በጣፋጭ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ አዋሕዶ መራራነቱን የሚያለዝብ መድኃኒት አወጣ። በዚህም እጅግ ባለጸጋ ሆነ፤ ፋብሪካውንም ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ አቋቋመ። የሀብቱ ምንጭ የሌላው ሰው ትኩሳት ቢሆንም እርሱ ራሱ በመተንፈሻ አካል ሕመም የሚቸገር ሰው ነበርና፣ ሐኪሞች የተራራውን አየር መክረውት ወደ አሽቪል መጣ። አየሩ ስለ ተስማማው በሰንሴት ተራራ ላይ ሰፊ መሬት ገዛ፤ ሆቴልም ሊሠራበት አሰበ።

ለሕንጻው ከሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ንድፍ ቢቀርብለትም የትኛውም ልቡን አልሞላውም። በመጨረሻ የተመረጠው የአማቹ የፍሬድ ሎሪንግ ሲሊ ንድፍ ነበር። ሲሊ የሥነ ሕንጻ ትምህርት የሌለው፣ ቀድሞ በአማቱ የመድኃኒት ንግድ የሠራ፣ ኋላም በአትላንታ ከተማ ጋዜጣ ያቋቋመና ያሳተመ ሰው ነው። ባለሙያ ሳይሆን እንዲህ ያለ ሕንጻ መምራቱ ድፍረት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ሕንጻው ማንንም የማይመስለው። ሥራው በ1912 በጋ ተጀምሮ ዓመት ሳይሞላው ተፈጸመና ጁላይ 12 ቀን 1913 ሆቴሉ ተመረቀ። የምረቃውን ንግግር ያደረገው የጊዜው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነበር።

የግንቡ ድንጋይ ከዚያው ከተራራው የተለቀመ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩን ሲያኖሩ ዝናብና ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሽበት የመሰለ የድንጋይ ልብስ ያበቀለው ገጹ ወደ ውጭ እንዲሆን ታዘዙ፤ የመዶሻ ምልክት እንዲታይ አልተፈለገም። ይህን ትእዛዝ መፈጸም ከመጥረብ ይከብዳል። ጠርቦ የሚገነባ ግንበኛ ድንጋዩን እንደ ቦታው ያስተካክለዋል፤ ሳይጠርብ የሚገነባ ግን ለእያንዳንዱ ክፍተት የሚስማማውን ድንጋይ ከክምሩ መካከል በዓይኑ ፈልጎ ማግኘት አለበት። በሥራው ላይ የአካባቢው ሰዎችና ከኢጣልያ የመጡ ድንጋይ ሠሪዎች አብረው ተሰማርተዋል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ታላቁ አዳራሽ ይቀበላል። ርዝመቱ 120 ጫማ፣ ወርዱ 80 ጫማ፣ ማለትም 36 በ24 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ዳርቻዎች ትይዩ የቆሙት ሁለት የእሳት ምድጃዎች እያንዳንዳቸው 120 ቶን ያህል ድንጋይ እንደ ፈጁ ይነገራል፤ 12 ጫማ ርዝመት ያለው ግንድ ሳይቆረጥ ይነድባቸው ነበር። ሲሊ ስለ አሳንሰሩ ያደረገው ደግሞ እስከ ዛሬ እንግዶችን ያስገርማል። አሳንሰር በብረቱና በድምፁ የአዳራሹን ጸጥታ እንዳያውክ በምድጃዎቹ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ሠወረው፤ እንግዳው ከእሳቱ ጐን ባለ በር ገብቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አልነበረም። ከጀርባው ከእንግሊዝ አገር የተነሣ ትልቅ አሳብ ነበረ። በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ፋብሪካ ዕቃን በርካሽ ማምረት ሲጀምር፣ ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ ሁለት ነገር አብሮ እንደ ጠፋ ተናገሩ። አንደኛው የዕቃው ውበት ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛው በሥራው የሚያገኘው ደስታ ነው። ቀን ሙሉ አንድ ብሎን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው ወንበር ሠራሁ ሊል አይችልም። ሞሪስ በ1861 የራሱን የዕቃ ድርጅት አቋቋመ። በ1888 ለንደን ላይ የተከፈተው የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ማኅበር ኤግዚቢሽን ለንቅናቄው መጠሪያውን ሰጠው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ንቅናቄ ማለት ይሆናል። አሳቡ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ብዙ መልክ ያዘ። ጉስታቭ ስቲክሊ ከ1901 እስከ 1916 በታተመው «ዘ ክራፍትስማን» መጽሔቱና በባሉጥ እንጨት ዕቃዎቹ ቀላልና ጠንካራ ቤት ለመካከለኛው ኅብረተሰብ ሰበከ። ቀድሞ ሳሙና ሻጭ የነበረው ኤልበርት ሀባርድ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት በኢስት ኦሮራ መንደር ሮይክሮፍት የተባለውን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር በ1895 መሠረተ። መጀመሪያ መጽሐፍ ያትሙና ይጠርዙ ነበር፤ ኋላም አናጢና መዳብ ቀጥቃጭ ተጨመረ።

ሲሊ የሆቴሉን ዕቃ እንዲሠሩለት የመረጠው እነዚህን ሮይክሮፍቶችን ነበር። ነገር ግን ጊዜው ጠበበ። ዓመት ሳይሞላው 150 ያህል መኝታ ክፍሎች በእጅ በተሠራ ዕቃ መሙላት ለመንደር አናጢዎች የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ የመኝታ ክፍሎቹን ዕቃ በዚያው በሰሜን ካሮላይና በሚቤን ከተማ የነበረው የኋይት የዕቃ ፋብሪካ ሠራ፤ የመሳቢያዎቹን የመዳብ እጀታ ግን ሮይክሮፍቶች ቀጠቀጡ። የምግብ ቤቱ ወንበሮች የእነርሱ ሥራ ናቸው፤ በመደገፊያቸው ላይ የሆቴሉ ስም ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ከ700 በላይ የሆኑት የመዳብ መብራቶች ናቸው። በታላቁ አዳራሽ የተሰቀሉት እንደ ጐድጓዳ ሳሕን የተቀጠቀጡ ሆነው አምፖሉን ይሠውራሉ፤ ብርሃኑ ወደ ጣራው ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። በ1913 ኤሌክትሪክ ለብዙ ሰው ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ሌላው ሆቴል አምፖሉን ሲያሳይ ሲሊ መደበቁ የጠባዩ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። የእጅ ሥራን ያከብራል የተባለው ሕንጻ መኝታ ክፍሎቹን ያገኘው ከፋብሪካ ነው። የንቅናቄው ወዳጆች ይህን እንደ ነውር ሊቈጥሩት ይችሉ ይሆናል። ግን አብዛኛው የአሜሪካ የእጅ ሥራ ዕቃ በመጋዝና በማሽን እየተረዳ የተሠራ ነው፤ ስቲክሊም ማሽንን አልጠላም። ከማሽኑ ይልቅ መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ዕቃውን የነካው እጅ ማን እንደ ሆነና ምን ያህል ነጻነት እንደ ነበረው ነው።

ሲሊ ሆቴሉን ያስተዳደረው እንደ ገዳም አበምኔት ነበር ማለት ይቻላል። ሲመሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ሕፃናት ይዞ መምጣት አይበረታታም ነበር። ለእንግዳ የሚመለሰው ሳንቲም ታጥቦና ተወልውሎ ይሰጥ እንደ ነበር ይነገራል። ይህ ቢሆንም፣ ወይም ስለዚህ፣ ታላላቅ ሰዎች ይጐርፉ ነበር። በ1918 ቶማስ ኤዲሰን፣ ሄንሪ ፎርድና ሃርቪ ፋየርስቶን አብረው መጥተዋል። ደራሲው ኤፍ ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1935 እና በ1936 በጋ እዚያ ከርሟል። የዘር ልዩነት ሕግና ልማድ በነገሠበት በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ዓይነቱ ሆቴል የሚገቡት በሥራ እንጂ በእንግድነት አልነበረም፤ ስለ ወርቃማ ዘመን የሚጻፍ ታሪክ ይህን ሊዘልለው አይገባም።

ሲሊ ከሆቴሉ ጐን ሌላም ነገር ተክሏል። በ1905 ሁለት ሴቶች፣ ኤሊኖር ቫንስና ሻርሎት ዬል፣ በባለጸጋዎቹ የቫንደርቢልት ቤተሰብ ድጋፍ የተራራውን ልጆች እንጨት ቀረጻና ሽመና የሚያስተምሩበት ሥራ ጀምረው ነበር። ሲሊ በ1917 ይህን ድርጅት ከኤዲት ቫንደርቢልት ገዝቶ ወደ ሆቴሉ አጠገብ አዛወረው። በእጅ የተሸመነው የሱፍ ጨርቁ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። የሽመና ቤቶቹ ሕንጻዎች አሁንም አሉ፤ የእጅ ሥራ ማሳያና መሸጫ ሆነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የማሽቆልቆል ታሪክ ነው። ሀባርድና ሚስቱ ሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታንያ የተባለችው መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስትመታ አብረው ሰጠሙ። በዚያው ዓመት ስቲክሊ ከሰረ። ግሮቭ በ1927 ሲሞት ሲሊ ሆቴሉ ለእኔ ተስፋ ተሰጥቶኝ ነበር ብሎ ከወራሾቹ ጋር ተካሰሰ፤ ተረታ። ሮይክሮፍት በ1938 ተዘጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆቴሉ በ1942 የጠላት አገሮች ዲፕሎማቶች ከነቤተሰቦቻቸው የሚጠበቁበት፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የጦር ሠራዊት የሚያርፉበት ሆነ። በ1955 የዳላሱ ነጋዴ ቻርልስ ሳሞንስ ገዛውና እንደ ጊዜው አሳደሰው።

እንደ ጊዜው ማደስ የሚለው ቃል በሆቴል ሥራ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው እንግዳ ምንጣፍና ለስላሳ ወንበር ይፈልግ ነበር። ጥቁር ቡናማ የባሉጥ ወንበር የአያት ቤት ሽታ ነበረው። ዕቃው አንዳንዱ ቀለም ተቀባ፣ አንዳንዱ ተሸጠ፣ አንዳንዱ ወደ ዕቃ ቤት ወረደ፤ በመላው አሜሪካ የሆነውም ይኸው ነው። ስቲክሊ የሠራው ጠረጴዛ በየጋራዡ የቀለም ቆርቆሮ ማስቀመጫ ሆነ። በዚህ አስተዳዳሪዎቹን መውቀስ ይቀላል፤ ሆቴል ግን ቤተ መዘክር አይደለም። እንግዳው ያልወደደውን ወንበር ለሠላሳ ዓመት ማቆየት የሚችል ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው። መብራቶቹ ብዙዎቹ የተረፉት ምናልባት ከጣራ ላይ ማውረዱ ራሱ ሥራ ስለ ነበረ ይሆናል።

የሰው ዓይን መመለስ የጀመረው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ጀድሰን ክላርክ አዘጋጅነት ስለ አሜሪካ የእጅ ሥራ ንቅናቄ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ወደ ቺካጎና ወደ ዋሺንግተንም ተጓዘ። ሆቴሉም በ1973 በአገሪቱ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ሰብሳቢዎች በየገጠሩ ጨረታና በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ መዞር ጀመሩ።

ሆቴሉ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በክረምት ይዘጋ ነበር። በ1984 የመጀመሪያው አዲስ ክንፍ፣ በ1988 ደግሞ ሁለተኛው ሲጨመር የክፍሎቹ ቍጥር በብዙ እጥፍ አደገ፤ ዓመቱን ሙሉም መሥራት ጀመረ። ይህን ያህል አልጋ በፌብሩዋሪ ብርድ ማን ይሞላዋል የሚለው ጥያቄ ማናቸውንም ሆቴል አስተዳዳሪ እንቅልፍ የሚነሣ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ብሩስ ጆንሰን፣ ቀድሞ መምህር ኋላም የጥንት ዕቃ አዳሽና ደራሲ የሆነው ሰው፣ የእጅ ሥራ ሰብሳቢዎችን ጉባኤ በዚያው ሆቴል የጠራው። የመጀመሪያው ጉባኤ በፌብሩዋሪ 1988 ተደረገ። የሆቴሉን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ በ1991 ያሳተመውም እርሱ ነው።

የጉባኤው አደረጃጀት መታየት የሚገባው ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ ንግግሮች ይደረጋሉ፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚወዱት ተሰብሳቢው በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ፣ አስተማሪ ሳይሾም፣ እርስ በርሱ የሚወያይበት ክፍለ ጊዜ ነው። እዚያ ሐኪሙ ስለ መዳብ፣ አናጢው ስለ ሸክላ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ስለ ጥልፍ ይናገራሉ። ከዚህ ጐን የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ሱቅ ይዘረጋል፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ የእጅ ባለሙያዎችም አዲስ ሥራቸውን ያሳያሉ። ማታ ማታ ሰዉ በታላቁ አዳራሽ እሳት ዙሪያ ይቀመጣል።

እዚያ የሚቀሰመው ዕውቀት የጣት ዕውቀት ነው። የባሉጥ ዕቃ ያ ጥልቅ ቡናማ መልኩ ከቀለም የመጣ አይደለም። ያለቀው ወንበር በታፈነ ክፍል ውስጥ ከአሞንያ ሳሕን ጋር ይዘጋበትና፣ እንፋሎቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ከውስጥ ያጠቁረዋል። ዘዴው የተገኘው በፈረስ ጋጣ የነበረ እንጨት በሽንቱ እንፋሎት ሲጠቁር ታይቶ ነው የሚል ወግ አለ። በመሆኑም ዕቃውን ሊያሳምር ፍቆ በአዲስ ቫርኒሽ የቀባው ሰው ሊመለስ የማይችል ነገር አጥፍቷል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የመዳብ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ጥቁረቱን በመወልወያ ያነሣ ሰው ዘመኑን አብሮ አነሣ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚፈራው የሐሰት ማኅተም ነው። የሮይክሮፍት ምልክት በክብ ላይ የቆመ ባለ ሁለት አግዳሚ መስቀልና በክቡ ውስጥ ያለ አንድ ፊደል ነው፤ ዋጋ ሲወጣ ምልክቱን በማያገባው ዕቃ ላይ የሚመታ ሰው አይጠፋም። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ብዙ እውነተኛ ማየትና መንካት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ዕቃው ከተሠራለት ቦታ ያልተነቀለበት አዳራሽ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

ጉባኤው የራሱ ቅራኔ አለው። የመጀመሪያው ስብሰባ በተደረገበት ዓመት በዲሴምበር 1988 ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ ስቲክሊ ለገዛ ቤቱ የሠራውን አንድ የምግብ ቤት ቁም ሣጥን ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ 363,000 ዶላር ገዛች። ስቲክሊ ለመምህርና ለጸሐፊ ቤት ያሰበው ዓይነት ዕቃ ለፊልም ተዋናይት የሚሸጥ ሆነ። ሞሪስም በዘመኑ ይኸው ገጥሞታል፤ በእጅ የተሠራ ነገር ውድ ነው፣ ውድ የሆነውንም የሚገዛው ሀብታም ነው። ሰብሳቢው ዋጋ በመጨመሩ ዕቃውን ከቆሻሻ ክምር አድኖታል፤ ዋጋው በመጨመሩም ከተራ ሰው ቤት አስወጥቶታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። በዚህ ረገድ ጉባኤው ለዘመኑ የእጅ ባለሙያዎች ቦታ መስጠቱ ከጥንት ዕቃ ገበያው የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ ይመስላል፤ ሞሪስና ሀባርድ የቆሙለት የሚሠራ እጅ ነበርና።

ለሆቴሉ የተረፈው ጥቅም የሞሉ አልጋዎች ብቻ አይደለም። የተናቀው ወንበር ዋጋ እንዳለው በየዓመቱ የሚነግሩት በመቶ የሚቈጠሩ እንግዶች ካሉ፣ የትኛውም ባለቤት ደፍሮ አይጥለውም። ይህ በሕግ ከተጻፈ ጥበቃ ይልቅ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ በተለይም ባለቤት በሚለዋወጥበት ጊዜ። ሆቴሉ በ2012 ከሳሞንስ ድርጅት እጅ ወጥቶ ለአንድ የመዝናኛ ስፍራዎች ኩባንያ ተሸጠ፤ ዓመት ቈይቶ በ2013 ኦምኒ የተባለው የሆቴሎች ኩባንያ ገዛው። አዲስ ባለቤት በገባ ቍጥር የውስጥ ዕቃ መለወጥ በሆቴል ንግድ የታወቀ ልማድ ቢሆንም፣ የሮይክሮፍት መብራቶች ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ሄሊን የተባለችው አውሎ ነፋስ በአሽቪል ላይ የጣለችው ዝናብ ወንዙን አጥለቀለቀው። በወንዙ ዳር ያለው የሠዓሊዎችና የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር በአብዛኛው ወደመ፤ ከተማይቱም የሚጠጣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ያገኘችው ኖቬምበር 18 ቀን ነው። ሆቴሉ በተራራው ጎን ላይ በመሆኑ ከጎርፉ ተርፎ በዚያው በኖቬምበር ወር በሩን ለእንግዳ መልሶ ከፈተ፤ በታላቁ አዳራሽ ሁለቱ ምድጃዎች ነደዱ፣ በ1913 የተሰቀሉት የመዳብ ሳሕኖችም በሩ።